አሥራ አምስት ዓይኖች በአንድ መሳቢያ

በዚያ ቤት ውስጥ ከነበሩት ስምንት ዓይኖች የሚያዩት ሰባቱ ብቻ ነበሩ። የማያየው የቱ እንደሆነ ለማወቅ ነርሷ አምስት ወር ፈጀባት። እንግዲህ ይህቺ ስድስት ዓመት ሙሉ በዓይን ክሊኒክ የሠራች፣ የስንቱን ሽፋሽፍት ገልጣ ጠብታ ያንጠባጠበች ሴት ናት! ሰው ይስቅባት ይሆናል፤ ኋላ እሷም በራሷ ስቃለች። የሚያስጨንቀው ሌላው ነው። ከሰባቱ አንዱ ቀስ እያለ ለመጥፋት መንገድ ጀምሮ ነበር። እሱ ከጠፋ ደግሞ የቤቱ ትልቅ ሰው ጨለማ ውስጥ መቅረታቸው ነው። ይህንን ከዓይኑ ባለቤት በቀር ማንም አያውቅም፤ እሳቸውም አፋቸውን ዘግተዋል።

ነርሷ ከአገሯ የመጣችው ለአንድ ዓመት ነው። እሷ በምትሠራበት ክሊኒክ ዓይኑ የወጣ ሰው ቁስሉ ሲደርቅለት ጥቁር መነጽሩን አድርጎ ይሄዳል እንጂ የጎደለውን የሚተካለት አልነበረም። አለቆቿ መክረው ዘክረው "አንድ ሰው ሄዶ ሰው ሠራሽ ዓይን መሥራት ይማር" አሉ፤ ዕጣው እሷ ላይ ወደቀ። አስተማሪዋም አሳዳሪዋም አንድ ሆኑ፤ ምድሩ የሥራ ክፍል፣ ፎቁ መኖሪያ የሆነ ቤት ውስጥ የሚኖረው ዓይን ሠሪ ነው።

ዓይን ሠሪው ሃምሳውን የተሻገረ፣ ቃል የሚቆጥብ ሰው ነው። የሚናገረውን ሁሉ በጣቶቹ የጨረሰው ይመስላል። ሚስቱ የእሱን ድርሻ ጨምራ ታወራለች፤ አማቷ "ሬዲዮ" ይሏታል፣ እሷም ስትጠራ አቤት ትላለች። የሬዲዮ ሥራ የጎደለውን ዓይን ጎድጓዳ ቦታ ልክ በሚረጋ ፈሳሽ መውሰድ ነው። ሰዎች ይህን ይፈራሉ። እሷ ግን ስለ ጎረቤት ድመት ጀምራ ስለ ሟች አጎቷ የሠርግ ልብስ ስትጨርስ ልኩ ተወስዶ አልቋል። ሦስተኛዋ የዓይን ሠሪው እናት ናቸው፤ ሰባ አራት ዓመታቸው ነው፣ ቀለም የሚበጠብጡት እሳቸው ናቸው። ነርሷ ገና ከመጀመሪያው ቀን "እማማ" ብላ ጠራቻቸው፤ ሌላ ስም እንዳላቸውም ለመጠየቅ አላሰበችም።

የመጀመሪያው ጠዋት ቁርስ ላይ ሦስቱም ሻያቸውን አስቀምጠው ዓይኖቿን ትክ ብለው አዩአት። ማየት ብቻ ቢሆን ባልከፋ፤ ልክ እንደ ቆሎ ለቀሟት እንጂ። ነርሷ ባደገችበት ቤት ትልቅ ሰው ሲናገር ልጅ መሬት መሬት ያያል፤ ያፈጠጠ እንደሆነ "ዓይን አውጣ" ይባላል። እናም አቀረቀረች። ከዚያ ቀን ጀምሮ የጠረጴዛውን ልብስ አበባዎች አንድ በአንድ አውቃቸዋለች፤ ከዳር በኩል ያለችው አንዷ አበባ አራት ቅጠል ብቻ ነበራት።

"ምነው ዳቦው ላይ ተተከልሽ?" አለቻት ሬዲዮ። "እኛ እንደሆንን አንነክስም።"

"እትዬ፣ አይደለም... እየበላሁ ነው።"

በዚያ ቤት "የጠዋት ንባብ" የሚሉት ነገር አለ። በየዕለቱ ሥራ ከመጀመሩ በፊት አንድ ሰው ፀሐይ በቀጥታ የማይገባበት፣ ብርሃኑ ግን ንጹሕ የሆነ መስኮት አጠገብ ይቀመጣል። ሌሎቹ ፊት ለፊቱ ቆመው ዓይኑ ውስጥ ያለውን ቀለም ይጠራሉ። "ዳር ዳሩን የሻይ ዝቃጭ" ይላል ዓይን ሠሪው። "ወደ ውስጥ ደረቅ ቅጠል" ትላለች ሬዲዮ። "ከታች በግራ አንዲት የዛገ ሚስማር ጭረት" ይላሉ እማማ። ዘፋኝ ድምፁን እንደሚያሟሽ እነሱም ዓይናቸውን የሚያሟሹት እንዲህ ነው። የነርሷ ተራ ደረሰና ሬዲዮ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። ነርሷ ለሰከንድ ያህል ቀና ብላ መልሳ አቀረቀረች።

"ቡናማ" አለች።

"ቡናማማ ጫማም ነው" አሉ እማማ።

በሌላው በሌላው ግን ጎበዝ ነበረች። ሰው ሠራሽ ዓይን ብዙ ሰው እንደሚያስበው ድቡልቡል ኳስ አይደለም፤ እንደ ለውዝ ግማሽ ቅርፊት ያለ፣ ሥጋው ላይ የሚያርፍ ስስ ነገር ነው። ነጩ ላይ የደም ሥሮቹ የሚሠሩት ከቀይ የሐር ክር አንዲት ዘለላ ብቻ እየተመዘዘ ነው። ዘለላዋን በመቆንጠጫ ይዞ፣ ትንፋሽ ውጦ፣ ጠመም አድርጎ ማስተኛት ያስፈልጋል። ነርሷ ይህን በሁለት ሳምንት አወቀችው። ዓይን ሠሪው በማጉያ መነጽሩ አገላብጦ አየና ከወሩ ቃላት መካከል ጥቂቱን አወጣላት፤ "እጅሽ ወርቅ ነው። ዓይንሽ ግን ገና ካገርሽ አልመጣም።"

ነርሷ የእነሱ ሥራ ሲጠናቀቅ ያየችው በሁለተኛው ወር ነው። አንድ የአውቶቡስ ሹፌር የነበረ ሰው መጣ፤ በአደጋ አንድ ዓይኑ ከጠፋ ስድስት ዓመቱ። በእነዚያ ስድስት ዓመታት ከሰው ጋር ሲያወራ ፊቱን ወደ ጎን አዙሮ ነበርና አንገቱ እንደዚያው ቀርቶ ነበር። አራት ቀን ተመላለሰ። በአራተኛው ቀን ዓይን ሠሪው ያለቀውን ዓይን በውኃ አርጥቦ የላይኛውን ሽፋሽፍት ከፍ አደረገና ሹልክ አድርጎ አስገባው። ሬዲዮ፣ ያቺ ሬዲዮ፣ ዝም አለች። ሰውየው መስታወቱን ተቀበለ። ቆየ። ቀኝ አየ፣ ግራ አየ። ዓይኑ አብሮት ሄደ። ነርሷ ያለቅሳል ብላ ጠበቀች።

"ማበጠሪያ ይኖራችኋል?" አለ ሰውየው።

ሬዲዮ ከመሳቢያ አዲስ ማበጠሪያ አውጥታ ሰጠችው። መሳቢያው ሙሉውን ማበጠሪያ ነበር። ዓይናቸውን ያገኙ ሰዎች በመጀመሪያ የሚጠይቁት ይህንኑ ነው፤ ለካ እስከዚያ ድረስ ፊታቸው የእነሱ አልነበረም። ሰውየው ፀጉሩን ለሁለት ከፍሎ አንገቱን አቅንቶ ሲወጣ፣ ነርሷ ጓሮ ገብታ ለእሱ አለቀሰችለት። እንዲህ ያለ ሥራ አለ ብሎ የነገራት ሰው ቢኖር ኖሮ አታምነውም ነበር። በእጃቸው ቀለምና ክር ይዘው ሰውን ወደ ሰው የሚመልሱ ሰዎች ቤት እየበላች እየጠጣች መሆኗ ሲገባት፣ በዚያ ማታ ደረጃውን ስትወጣ ኮቴዋን ሳይቀር ቀነሰች።

እንግዳ በመጀመሪያው ቀን ወርቅ፣ በሁለተኛው ብር፣ በሦስተኛው ብረት ይባላል። እሷ ግን እንደ ወርቅ አልተያዘችም፤ በሦስተኛው ቀን ድንች ላጭ ተብላ ነበርና ወደ ብረትነት የምትወርድበት ደረጃ አልነበራትም። አምስተኛው ወር ላይ፣ አንድ ቅዳሜ ከምሳ በኋላ፣ እማማ ሳህን ያጥባሉ እሷ ታደርቃለች። እማማ መካከል ላይ ቆም ብለው እጃቸውን አለቀለቁ፤ ወደ ፊታቸው ጎንበስ አሉና የግራ ዓይናቸውን አወጡት። ከቧንቧው ሥር እንደ ስኒ ለቅለቅ አድርገው መልሰው አስገቡት። ከዚያ ሹካ ማጠብ ቀጠሉ።

የድስቱ ክዳን ከነርሷ እጅ አምልጦ ወለሉ ላይ ሲሽከረከር ብዙ ቆየ።

"ምነው? ጥርሱን የሚያወልቅ ሰው አይተሽ አታውቂም?"

"እማማ! የእርስዎ... ግራው..."

"አምስት ወር ሙሉ አብረሽኝ ስትበዪ አላየሽም?"

"አላየሁም! ዓይኔን ግንባር ያድርገው አላየሁም!"

እማማ ይህን መሐላ ሰምተው አያውቁም ነበር። ትርጉሙ ሲገባቸው የዕቃ ማጠቢያውን ይዘው ሳቁ፤ እስኪያስላቸው ሳቁ። "ነይማ ስሚ!" ብለው ምራታቸውን ተጣሩ። "ዓይኗ ግንባር እንዲሆንላት እየለመነች ነው! በዚህ ቤት!"

"ኧረ በፈጣሪ" አለች ሬዲዮ ከበሩ። "ግንባር ከሆነማ ምኑ ላይ እንሠራለን? ቀዳዳ እንኳ ይተውልን!"

ሳቁ ሲበርድ እማማ እጃቸውን በሽርጣቸው አደራርቀው ነርሷን ወደ ክፍላቸው ወሰዷት። ከአልጋቸው ራስጌ ካለው ቁምሣጥን የታችኛውን መሳቢያ ሳቡት። ጥጥ ላይ፣ በአንድ መስመር፣ አሥራ አራት ዓይኖች ተቀምጠው ወደ ላይ ያያሉ። በየሥራቸው የተሠሩበት ዓመት በቁራጭ ወረቀት ተጽፏል። የመጨረሻዋ ወረቀት ላይ ዓይን የለም፤ እሱ እማማ ፊት ላይ ነው። እማማ አወጡትና ቦታው ላይ አስቀመጡት፤ መስመሩ ሞላ።

"ባለቤቴ አዝራር ሠሪ ነበር" አሉ። "እኔ አጠገቡ ቁጭ ብዬ እለቅምለት ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመቴ ነው። መቁረጫው ስንጥር አስፈነጠረ። በቃ። እሱ ከዚያ በኋላ አያወራም፣ አይበላም፤ ያጠፋው እሱ ይመስል እኔን ብቻ ያያል። ስምንት ወር! ከዕለታት አንድ ቀን ይህን ይዞልኝ መጣ።" የመጀመሪያውን አነሱት። ድፍርስ፣ ወፍራም፣ የበግ ዓይን የመሰለ ነገር ነው። "በጣም አስቀያሚ ነው። አደረግኩት። ደስ ይበለው ብዬ አደረግኩት። ሁለተኛው ትንሽ ተሻለ። ሦስተኛውን ሲሠራ አዝራሩን ትቶታል፤ ዓይን የጎደለው ሁሉ በራችን ላይ ተሰልፏል።"

ነርሷ ከመሳቢያው ፊት ተንበረከከች። ከአንድ አስቀያሚ ዓይን ተነስቶ አሥራ አምስተኛው ላይ ሲደረስ ሕይወት ያለው ይመስላል። በየሦስት ዓመቱ የአንዲት ሴት ዕድሜ፣ ቀለም ሲደበዝዝ፣ ነጩ ብጫ ሲል፣ የደም ሥሩ ሲበዛ፣ አንዱም ሳይቀር ተመዝግቧል። ስምንቱ የባል፣ ሰባቱ የልጅ ሥራ ናቸው። ሁለት ወንዶች አርባ ሦስት ዓመት ሙሉ አንዲት ሴትን እንዲህ አድርገው ሲያዩ መኖራቸው ልቧን ነካው። እሷን እንዲህ ያያት ሰው በሕይወቷ ኖሮ አያውቅም። ማንም ቢሞክር ደግሞ አቀርቅራ ታመልጠው ነበር።

"እማማ፣ እነዚህን ላጥናቸው? ሰው ፊት ላይ ማየት አቅቶኛል፤ እዚህ ልልመድ።"

"አጥኚ። እነሱ አያፈጡብሽም።"

በየቀኑ ከሥራ መልስ እየሄደች ማጉያና ማስመሪያ ይዛ ተቀመጠች። የክሊኒክ ሰው ናትና ዝም ብላ ማየት አልሆነላትም፤ ለካች። የቀለም ቀለበቱን ስፋት፣ የብሌኑን ስፋት ደብተር ላይ ጻፈች። አባትና ልጅ ብሌን ሲሥሉ በዚያው መስኮት ብርሃን ደኅነኛው ዓይን ላይ ያዩትን ልክ አድርገው ነው፤ በመላ አይሠሩም። የመጀመሪያዎቹ ብሌኖች አራት ሚሊሜትር ናቸው። ዓመታት ሲያልፉ ሦስት ተኩል ሆኑ፤ ሦስት ሆኑ፤ አሥራ ሦስተኛው ላይ ሁለት ተኩል። ይህ ደስ አላት፤ ሰው ሲያረጅ ብሌኑ እንደሚጠብ ታውቃለችና መሳቢያው እውነተኛ ነው ማለት ነው። አሥራ አራተኛውን ለካች። ሦስት ተኩል። ተሳስቼ ነው አለችና ደገመችው። ሦስት ተኩል። እሷ ከመምጣቷ ጥቂት ቀደም ብሎ የተሠራውን፣ እማማ አውልቀው የሰጧትን አሥራ አምስተኛውን ለካች። አምስት።

ማስመሪያውን አስቀመጠች። ያረጀ ብሌን በብርሃን ፊት ተመልሶ አይሰፋም። የሚሰፋው ዓይኑ ሲታመም ነው፤ በውስጡ ያለው ፈሳሽ መውጫ አጥቶ ግፊቱ ሲጨምር፣ ከዳር ጀምሮ እይታን እየበላ ሲመጣ። በአገሯ ክሊኒክ እንዲህ ሆነው ዘግይተው የመጡትን በክንዳቸው ይዛ ወደ በሩ ስትሸኝ ኖራለች።

አምስት ወር ሙሉ ያየችው ነገር ተራ በተራ ትርጉም አገኘ። እማማ በበር ሲያልፉ ትከሻቸው መቃኑን ይነካል፤ "ሲቸኩሉ እኮ ነው" ይላሉ ልጃቸውና ምራታቸው። ስኒ ሲያስቀምጡ ጠረጴዛውን ቀድመው በጣታቸው ይዳስሳሉ። ሰው ሲጠራቸው እንደ ዶሮ አንገታቸውን ጠመም አድርገው ይፈልጉታል። ታዲያ ዓይን ሠሪው እንዴት አላየም? አይቷል እንጂ! በየጠዋቱ አይቷል። ብሌኑ ሰፋ ሲል አሰፋው፤ ቀለሙ ሲደበዝዝ አደበዘዘው። ሌላ ቤት ቢሆን አንዱ ዓይን ከሌላው ሲለይ ሰው ደንግጦ ሐኪም ይጠራል። በዚህ ቤት ግን ልዩነት የሚባል ነገር አያድርም፤ በሽታውን ራሱን አስመስሎ ሠርቶ ከጎኑ አስቀመጠው። ሁለቱ ተመሳሰሉ፤ ሲመሳሰሉ ሁሉም ደኅና ሆነ። የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል የሚባለው ይኸው ነው።

በማግሥቱ እማማ ጓሮ ልብስ ሲያሰጡ ሄዳ አጠገባቸው ቆመች።

"እማማ፣ መብራት ሲያዩ ዙሪያውን ቀለበት ነገር ይታይዎታል? ቀስተ ደመና የመሰለ?"

እማማ መቆንጠጫውን ጨርሰው ሰኩ። "ማን ነገረሽ?"

"መሳቢያው።"

"እንግዲያው ያንን መሳቢያ እቆልፈዋለሁ።" አንሶላውን ሳብ ሳብ አደረጉ። "ያረጀ ዓይን ይደክማል። ምን አዲስ ነገር አለ?"

"ድካም ቢሆን ብሌኑ ይጠብ ነበር። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፣ እማማ። ከእይታዎ የሄደ አለ እንጂ ሁሉም አላለቀም። የቀረውን ማዳን ይቻላል።"

እማማ ሌላ አንሶላ ከቅርጫቱ አነሱ። "ባለቤቴ አንደኛውን እኔ ነኝ ያጠፋሁት ብሎ ዕድሜውን ሙሉ ተቃጠለ" አሉ። "ነግሬው ነበር፣ ስንጥሩ ነው አልኩት፤ አልሰማኝም። አሁን ልጄ ደግሞ፣ በየቀኑ እያየኋት ሁለተኛው ከእጄ ሄደ ብሎ እንዲነድ ነው የምትፈልጊው? ሆድ ይፍጀው፣ ልጄ።"

ነርሷ እንቅልፍ አልወሰዳትም። ለአገሩ እንግዳ ለቤቱ ባዳ ናት፤ ያስተማራትን፣ የምስክር ወረቀቷን ፊርማ የያዘውን ሰው፣ እናቱ ፊት "ተሳስተሃል" ልትል ነው። በዚያ ላይ ሚስጥር አወጣች መባል አለ። ግን የሚጠፋው ዓይን ተተኪ ያለው ዓይን አይደለም። ዓይን ሠሪው ሺህ ዓይን ቢሠራ አንዱም አያይም። ሲነጋ ወሰነች።

"ዛሬ እማማ ይቀመጡ፤ እኔ ላንብብ" አለች።

"አንቺ?" አሉ እማማ። "ቡናማ ልትዪኝ?" ቢሆንም ተቀመጡ። ምናልባት ደክሟቸው ይሆናል፤ ሚስጥርም እኮ ይከብዳል።

ነርሷ ቀና አለች። እስከ ዛሬ የሸሸችውን ነገር ዓይን ለዓይን ገጠመችው። ስድስት ዓመት በሥራ ያየችው ቀይና እባጭ፣ ጠብታና ቁስል ነበር፤ ዓይን የሚባለውን ነገር አይታ አታውቅም ነበር። የጠለቀ ማር፣ በማሩ ውስጥ የደረቀ ቅጠል፣ በቅጠሉ ላይ አመድ፣ ከአመዱ በታች አንዲት አረንጓዴ ነጥብ። በነጥቧ ውስጥ ደግሞ ትንሽ መስኮት፣ በመስኮቱ ውስጥ እሷ ራሷ። አንዲት አሮጊት ይህን ሁሉ ተሸክማ ድንች ስትልጥ ኖራለች! ቀለሙን አንድ በአንድ ጠራችው። ሬዲዮ አፏን በእጇ ያዘች። ዓይን ሠሪው "መጣ" አለ፤ "ዓይንሽ መጣ።"

"ጋሼ፣ አልጨረስኩም።" ከኪሷ ትንሿን የእጅ ባትሪ አውጥታ በእማማ ቀኝ ዓይን ላይ አበራች። ሰፊው ብሌን መሰብሰብ ነበረበት። አልተሰበሰበም። ባትሪውን በጎን ዞር አድርጋ ጣቷን ከጆሯቸው ትይዩ አነሳች። "ስንት ጣት ነው?"

"ሁለት" አሉ እማማ።

ጣቷ አንድ ነበር። ወደ ፊት ብዙ አመጣችው። "አሁንስ?"

"እኔ እንጃ" አሉ እማማ። ከዚያ በጣም ዝቅ ብለው "አይታየኝም" አሉ።

የዓይን ሠሪው ፊት ተለወጠ። "ምንድን ነው ይሄ? ሃያ ዓመት በየጠዋቱ ይህን ዓይን አይቻለሁ! የተለወጠ ነገር ቢኖር እኔ አላውቅም?"

"ያውቃሉ፣ ጋሼ። ሠርተውታል።" መሳቢያውን አምጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው፤ ማስመሪያውን ሰጠችው። "እኔን አይመኑ። ይለኩ።"

ለካ። አሥራ ሦስተኛውን፣ አሥራ አራተኛውን። ወደ እናቱ ሄዶ፣ ጎንበስ ብሎ፣ በመጀመሪያ በገዛ እጁ የሠራውን፣ ቀጥሎ በሕይወት ያለውን ለካ። ሁለቱም አምስት ነበሩ፤ በፀጉር ስፋት እንኳ አይበላለጡም። በሕይወቱ ከሠራው ሁሉ የበለጠው ሥራው ይህ ነበር። ማስመሪያውን አስቀመጠና ሽርጡን ሳያወልቅ የእናቱን ኮት ፍለጋ ሄደ።

ሐኪሟ በዚያው ቀን አየቻቸው። የዓይኑ ግፊት ሊኖር ከሚገባው ሦስት እጥፍ ነበር። የሄደው አይመለስም አለች፤ ዳር ዳሩ ጨልሟል፣ መካከሉ ግን አለ፤ ጥቂት ወራት ቢዘገይ መካከሉም አይኖርም ነበር። በጨረር ፈሳሹ የሚወጣባት ቀዳዳ ከፈተች፤ ጠብታም አዘዘች። ሬዲዮ መንገዱን ሙሉ አንድ ቃል አልተናገረችም። ነርሷ ከሰማችው ሁሉ ያ ዝምታ አስፈራት።

ቤት ሲደርሱ ዓይን ሠሪው የሥራው ክፍል ገብቶ ብርሃን ሳያበራ ተቀመጠ። እማማ በግድግዳው እየተመሩ ወረዱ፤ ነርሷ ክንዳቸውን ይዛለች።

"እያየሁ አሳወርኩሽ፣ እማዬ።"

"እጅህ አይቷል" አሉ እማማ። "ሐቁን ልክ አድርጎ ጽፎታል። እጅህ ባይጽፈው ይህቺ ልጅ ከየት ታነበው ነበር? ያባትህን ነገር እንዳትጀምርብኝ። ሁለተኛ ስምንት ወር የምጠብቅበት ዕድሜ የለኝም። በል ተነስ፣ ርቦኛል።"

ጠብታው ሲሠራ የቀኝ ዓይናቸው ብሌን ጠበበ፤ የሰሊጥ ፍሬ አከለ። የግራው እንደተሣለው ሰፊ ሆኖ ቀረ። በአርባ ሦስት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ እማማን በመንገድ ያየ ሁሉ አንድ ዓይናቸው ሰው ሠራሽ መሆኑን በሩቁ ያውቅ ጀመር። ዳቦ ሻጩ ደነገጠ። ለሃያ ዓመት አብረዋቸው ሲጨዋወቱ የኖሩ ጎረቤት ተመልሰው አዩአቸው። ዓይን ሠሪው ይህን መቻል አልቻለም፤ በሦስተኛው ሳምንት አዲስ ዓይን ጠርቦ፣ አለስልሶ፣ ትንሽ ብሌን ብቻ ቀርቶት ወደ መስኮቱ አመጣው።

"አስቀምጠው" አሉ እማማ።

"እማዬ፣ ሰው ያያል።"

"ይይ። አንተም እይ። ተመሳስለው ሳለ የምታየው ሥራህን ነበር። ተለያይተው ይቆዩልኝ፤ እንደዚህ ሲሆኑ እኔን ታያለህ።"

ዓይን ሠሪው ያላለቀውን ዓይን በእጁ እንደያዘ ቆመ። ወደ ሚስቱ አየ፤ ወደ ነርሷ አየ፤ ማንም አላገዘውም። ከዚያ ዓይኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ፣ ማጉያ መነጽሩን ከግንባሩ አውልቆ፣ ወንበር ስቦ ከእናቱ ፊት ተቀመጠ። ሃያ ዓመት ሙሉ ቀለሙን ሲጠራ የኖረ ሰው አንድ ቀን እንኳ ያልጠየቀውን ጠየቀ።

"እማዬ፣ ምን ይታይሻል?"

እማማ እያሰቡ ትክ ብለው አዩት።

"ፊትህ በደንብ ይታየኛል" አሉ። "ጆሮህን ለማየት ግን ዞር ማለት ይኖርብኛል።"